ሰባ አሥራ ስምንትን ደረቅ አድርጎ መያዝ፦ ከካርቶኑ እስከ ሆልደሩ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ከልደታ፣ ከተክለ ሃይማኖት፣ ከሜክሲኮ ጀርባ ካሉ ወርክሾፖች ነው የሚደወለው። «ማሽኑ ደህና ነው፤ አምፔሩም ልክ ነው፤ ሰባ አሥራ ስምንቱ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ እያደረገ አስቸገረን» ይሉኛል። ሰባ አሥራ ስምንት የሚሉት ኢ7018 የተባለውን፣ ልባስ ያለውን የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው። እኔ ስለ ማሽኑ አልጠይቅም። የምጠይቀው «ካርቶኑ መቼ ተከፈተ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ዝምታ ይከተላል። አንዱ ባለፈው ዓመት ትንሽ አሰብ አደረገና «ኧረ ከፋሲካ በፊት ነው» አለኝ።

ስለዚህ አንድ ጊዜ በዝርዝር ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እወቁ

የኤሌክትሮዱ ልባስ ከአየር እርጥበት ይስባል። አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ውስጥ ውሃው ይበታተንና ሃይድሮጅን ይወጣዋል። ሃይድሮጅኑ ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ብረቱ ወፍራም ወይም ጠንካራ ከሆነና ውጥረት ካለበት፣ ከ200 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ችግሩ ስንጥቁ ያኔውኑ አለመምጣቱ ነው። ከሁለት ቀን በኋላም ይመጣል።

በራሴ ላይ ደርሷል። የገልባጭ መኪና ሻንሲ ዓርብ ማታ በይደን ጨረስን። መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት አምሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ተመልሶ መጣ። በእጅ ባትሪ ሳየው ከመስመሩ ጠርዝ ጎን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትታያለች፤ እንደ ጣት ርዝማኔ ሄዳለች። ኤሌክትሮዱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ክፍት ካርቶን የተነሳ ነበር። ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

ምን ያህል እርጥበት ብዙ ነው? የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር መለኪያ ለተራው ኢ7018 የሚፈቅደው ከልባሱ ክብደት 0.6 በመቶ ነው። ለ100 ግራም ልባስ አሥራ ሁለት የውሃ ጠብታ ገደማ ማለት ነው። ይህን በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው የለም። «ብነካው ደረቅ ነው» የሚለውን ነገር ከዚህ ጀምራችሁ እርሱት።

ደረጃ 1፦ ሥራው ይህን ኤሌክትሮድ ይፈልጋል ወይ?

ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአጥር፣ ለቀጭን አር ኤች ኤስ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ስልሳ አሥራ ሦስት፣ ማለትም ኢ6013፣ ይበቃል። ሰባ አሥራ ስምንት የሚያስፈልገው ለሻንሲ፣ ለክሬን ማንጠልጠያ፣ ለወፍራም ላሜራ፣ ለኮለን ቤዝ ፕሌት (የምሰሶ መቆሚያ ላሜራ)፣ እንዲሁም ኮንሰልታንቱ በጽሑፍ ላዘዘው ሥራ ነው። (ባሌስትራውን ራሱን ግን በምንም አትበይዱት። በየዓመቱ የሚጠይቀኝ አይጠፋም።)

ካርቶኑን አንብቡ፦

1. ኢ7018፣ ኢ7016 እና ኢ7015 ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ናቸው። ይህ መመሪያ የእነሱ ነው።
2. የቻይና ካርቶን ላይ ጄ506 ካለ ከ7016 ጋር፣ ጄ507 ካለ ከ7015 ጋር ይመደባል። ጄ507 የሚሠራው በዲሲ (በቀጥተኛ ጅረት) ብቻ ነው።
3. ጄ422 እና ኢ6013 ዝቅተኛ ሃይድሮጅን አይደሉም። ከሰባ አሥራ ስምንት ጋር አንድ ኦቨን ውስጥ አታስገቧቸው። ልባሳቸው በዚያ ሙቀት ይበላሻል።
4. ከቁጥሩ ኋላ «አር» የሚል ፊደል ካለ ልባሱ እርጥበትን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው። «ኤች4» ወይም «ኤች8» ደግሞ በ100 ግራም የብየዳ ብረት ውስጥ ቢበዛ 4 ወይም 8 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ይገኛል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ይህ ተስፋ የሚሠራው ግን ኤሌክትሮዱ ደረቅ ከሆነ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

1. እስከ 400 ዲግሪ የሚደርስ የኤሌክትሮድ ማድረቂያ ኦቨን።
2. ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ይዞ የሚቆይ ማቆያ ኦቨን። ማድረቂያው ሥራ ሲፈታ ለማቆያነትም ይሆናል።
3. በያጁ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ክዳን ያለው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ።
4. ከኦቨኑ ቴርሞስታት የተለየ የራሳችሁ የሙቀት መለኪያ። ሽቦ ያለው፣ በበሩ ጠርዝ ገብቶ የሚለካው ዓይነት ይሁን።
5. ትንሽ የክፍል እርጥበት መለኪያ።
6. የቆዳ ጓንት፣ ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ደብተር።

ማድረቂያ ኦቨን መግዛት አቅም ካልፈቀደ ሌላ መንገድ አለ። በቫኪዩም የታሸገ አነስተኛ ፓኬት እየገዙ፣ ለሥራው በሚበቃ መጠን እየከፈቱ መሥራት ነው። በኪሎ ሲሰላ ውድ ነው። ለትንሽ ወርክሾፕ ግን የምመክረው ይህንኑ ነው። የረጠበ ርካሽ ኤሌክትሮድ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራችኋል።

በእነዚህ አትሞክሩ

*ፀሐይ።* ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ማድረቅ የተለመደ ነው። ፀሐይ የምታነሳው ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ልባሱን ያጣበቀው ሲሊኬት ውስጥ የተያዘው ውሃ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በደንብ አይለቅም። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ 100 ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባማ ከፍታው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ልባሱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን የድስት ውሃ አይደለም።

*የእንጀራ ምጣድ።* አንድ ቦታ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኤሌክትሮዱ ተደርድሮ አክንባሎ ተደፍቶበታል። ከታች ያለው ይቃጠላል፣ ከላይ ያለው ለብ ይላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልባሱ ፍሎራይድ ያለው መሆኑ ነው። በዚያ ምጣድ ነገ እንጀራ ሊጋገር ነው? ምጣድም ሆነ የቤት ኦቨን ለዚህ ሥራ አታውሉ። የቤት ኦቨን ብዙውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ ብዙም አያልፍም።

*የከሰል ምድጃ።* ልባሱን በአንድ ጎን ያሰነጥቀዋል።

*ኤሌክትሮዱን ብረት ላይ አጣብቆ በማሽኑ ማጋል።* የድሮ በያጆች ዘዴ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ከልባሱ ቀድሞ ይሞቃል፣ ልባሱ ይላላል፣ በጎን ይረግፋል። ማሽኑም ይጎዳል።

*አምፖል የገባበት የተበላሸ ፍሪጅ።* ይህ ከምንም ይሻላል፤ ለስልሳ አሥራ ሦስት ጎበዝ ነው። ለሰባ አሥራ ስምንት ግን አይበቃም፤ 120 ዲግሪ የትም አይደርስም።

ደረጃ 3፦ ስትገዙ መርምሩ

መርካቶ ከሱቁ ሳትወጡ ይህን አድርጉ። ከተጫነ በኋላ መመለስ ጣጣ ነው።

1. ማሸጊያው ምን እንደሆነ ለዩ። አየር የማያስገባ የሚባለው የታሸገ የብረት ጣሳ ወይም በቫኪዩም የታሸገ ፎይል ነው። ስስ ፕላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ካርቶን አየር ያስገባል፤ ገና ሳይከፈትም እንደተከፈተ ቁጠሩት። ለከባድ ሥራ ከሆነ ሳይጋገር አይበየድበትም።
2. የቫኪዩም ፓኬቱን ጨበጥ አድርጉት። ፎይሉ ኤሌክትሮዶቹ ላይ ተጣብቆ እንደ ጡብ ከደነደነ ደህና ነው። ከላላና ከተንኮሻኮሸ አየር ገብቷል።
3. ጣሳው የተሰረጎደ፣ የዛገ ወይም ስፌቱ የተከፈተ ከሆነ ተዉት።
4. የካርቶኑን ሥር እዩ። የውሃ ምልክት ካለበት፣ ባለሱቁ የፈለገውን ቢምል አትግዙ።
5. ክፍት ናሙና ካለ አንዱን አንሱ። ልባሱ ላይ ነጭ ዱቄት፣ ጫፉ ላይ ዝገት ካለ አትውሰዱ።
6. የማድረቂያ ሙቀትና ሰዓት ካርቶኑ ላይ መጻፉን አረጋግጡና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ካርቶኑ ይጠፋል፤ ፎቶው ይተርፋል።

ክረምት ከሆነ በታክሲ ጣሪያ ወይም በክፍት ፒካፕ አትጫኑት።

ደረጃ 4፦ ያልተከፈተውን አስቀምጡ

ከወለሉና ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ጋት አርቃችሁ እንጨት ላይ ደርድሩ። ሲሚንቶ ወለል በክረምት ያልበዋል። ክፍሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ ከ50 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለ ማሞቂያ ይህን ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ለክረምት ብዙ አታከማቹ፤ ካርቶን የሆነውን ሳይሆን የታሸገውን አስቀምጡ። የመጣበትን ቀን በማርከር ጻፉበት፤ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይውጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ጣሳ ሞቅ ወዳለ ክፍል እንደገባ አትክፈቱት። የቀዘቀዘ ብረት ላይ ጤዛ ይቋጠራል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁት።

ደረጃ 5፦ ማድረቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ግማሹ ጨርሶ አይጋግርም። ግማሹ ደግሞ ቀዝቃዛ ኤሌክትሮድ 350 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ይወረውራል።

መጋገር ያለበት ይህ ነው፦ በወረቀት ካርቶን የመጣ፣ ማሸጊያው የተቀደደ፣ ወይም ከኦቨን ውጭ የቆየበት ሰዓት ያለፈ። ሰዓቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ። ውሃ የነካው ግን ለመጋገርም አይበቃም። ዝናብ ያገኘውን፣ ኩሬ ውስጥ የወደቀውን፣ ጣሪያው አፍስሶ ያራሰውን ጣሉት።

1. ኦቨኑን ባዶውን አሙቁና በራሳችሁ መለኪያ አራቱንም ጥግ ለኩ። የእኔ ኦቨን ቁልፉ 350 ሲል በበሩ በኩል 310 ነበር። ይህን ያወቅኩት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በር በኩል አልደረድርም።
2. ኤሌክትሮዶቹን ከካርቶን፣ ከፕላስቲክና ከፎይል አውጡ። አንድ ላስቲክ እንኳ አይቅር።
3. ልባሱ የተሰነጠቀውን፣ የረገፈውን፣ የዛገውን አሁኑኑ ለዩ። መጋገር ይህን አያድንም።
4. በመደርደሪያው ላይ ዘርጉ። ከሦስት ወይም ከአራት ድርድር አይብለጥ። ከላዩ የተከመረ ዕቃ መሀሉን አያሞቀውም።
5. ስታስገቡ ኦቨኑ ከመጨረሻው ሙቀት ከግማሽ በላይ መሆን የለበትም። 350 ላይ ልትጋግሩ ከሆነ ከ175 አይበልጥም። እዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት።
6. ቀስ ብላችሁ አሳድጉ። እኔ በሰዓት ከ150 ዲግሪ በላይ አልጨምርም።
7. ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሙቀትና ሰዓት ተከተሉ። ካልተጻፈ ለኢ70 ቤተሰብ 350 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አድርጉ። የአሜሪካው የብረት መዋቅር ብየዳ ደንብ ዲ1.1 የሚለው ከ260 እስከ 430 ዲግሪ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ነው።
8. ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሩት ሙቀቱ ሲደርስ ነው፤ ኦቨኑን ስታበሩ አይደለም።
9. ሲያልቅ ኦቨኑን አጥፉና በሩን ሳትከፍቱ ወደ 150 ይውረድ። ከዚያ ወደ ማቆያው አዛውሩ። ጓንት!
10. መደርደሪያው ላይ «ተጋግሯል፣ ቀን እገሌ» ብላችሁ ለጥፉ። በዲ1.1 ደንብ አንድ ኤሌክትሮድ የሚጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጋግሞ መጋገር ልባሱን ያፈራርሰዋል።

መሀል ላይ ቢበላሽስ?

*መብራት ጠፋ።* በሩን አትክፈቱ። ደህና ኦቨን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሲመለስ ሙቀቱ እንደገና እስኪደርስ ጠብቁና ሁለቱን ሰዓት ከዜሮ ቁጠሩ። ሳይመለስ ካደረ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ከመጥፋቱ በፊት 260 ደርሶ ከነበረ አንዴ እንደተጋገረ እቆጥረዋለሁ፣ ለከባድ ሥራም አላወጣውም። ካልደረሰ በማግሥቱ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ለዚህ ስል ማድረቂያውን ማታ አላበራም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የምለኩሰው።

*ጭስ ወጣ።* ወይ ካርቶን ቀርቷል፣ ወይ ረዳቱ ስልሳ አሥራ ሦስት ቀላቅሏል። አጥፉ፤ ሲበርድ አንድ በአንድ ለዩ። መለያ ቁጥሩ መጨበጫው አጠገብ ልባሱ ላይ ታትሟል። ቁጥሩ የማይነበበውን አስወግዱ።

*ልባሱ ተሰነጠቀ።* ወይ በጣም ረጥቦ ነበር፣ ወይ ሙቀቱን አቻኩላችሁታል። የተሰነጠቀውን ጣሉና በሚቀጥለው ጊዜ በመጀመሪያው እርከን ላይ ረዘም አድርጋችሁ አቆዩ።

ደረጃ 6፦ ማቆያ ኦቨን

የተጋገረውም፣ ከታሸገ ጣሳ አሁን የወጣውም የሚኖረው እዚህ ነው። ቢያንስ 120 ዲግሪ። እኔ 130 ላይ እተወዋለሁ፤ ኃይል ሲወርድ ከ120 በታች እንዳይሄድብኝ።

ሌሊትም አይጠፋም። ይህን ስል ባለ ወርክሾፖች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ የመብራት ክፍያው ይታያቸዋል። ደህና የታሸገ ኦቨን አንዴ ከሞቀ ቴርሞስታቱ አልፎ አልፎ ነው የሚያበራው። መሬት ሽቦው መያያዙን ግን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። ሰው በሌለበት የሚያድር ነገር በተበጣጠሰ ማራዘሚያ አይሰካም።

ምሳ አታሙቁበት። የረጠበ ጓንት አታድርቁበት። ጓንቱ የሚለቀው እንፋሎት የት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ደረጃ 7፦ ስታወጡ ሰዓት ያዙ

ከማቆያው ወይም ከታሸገ ጣሳ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጥራል። በዲ1.1 ገደቡ ይህ ነው፦

1. ተራ ኢ7018፣ ኢ7016፣ ኢ7015፦ 4 ሰዓት።
2. «አር» ያለበት ኢ7018፦ 9 ሰዓት።
3. ከዚያ የጠነከሩት ሰዓታቸው ያጥራል። ተራ ኢ80 2 ሰዓት፣ ኢ90 1 ሰዓት፣ ኢ100 እና ኢ110 ግማሽ ሰዓት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለበያጁ ለግማሽ ቀን የሚበቃውን ብቻ ስጡት። የወረቀት ፕላስተር ቁረጡና የሚያበቃበትን ሰዓት ጻፉበት። ጠዋት 2፡30 የወጣ ተራ ሰባ አሥራ ስምንት «6፡30» ይጻፍበታል። «አር» ከሆነ «11፡30»። የወጣበትን ሰዓት ብቻ ብትጽፉ ሥራ መሀል ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይደምርም።

ተንቀሳቃሹ ማሞቂያ ተሰክቶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ 120 ከያዘ ሰዓቱ አይቆጥርም። ካልተሰካ ግን ዕቃ መያዣ ነው። ሳይት ላይ ከተራ ቆርቆሮ የማይለይ ቀዝቃዛ ማሞቂያ ይዘው የሚዞሩ አይቻለሁ። በየሰዓቱ ክዳኑን ንኩት፤ ካልሞቀ ሶኬቱን ተከተሉ።

ደረጃ 8፦ ሥራው ላይ

1. ከማሞቂያው አንድ በአንድ አውጡ። አሥሩን በአንዴ ኪስ ውስጥ፣ ብብት ሥር ወይም ቦት ጫማ ውስጥ መሰግሰግ ይቅር። ላብም ውሃ ነው።
2. በላበ ጓንት ልባሱን አትያዙ። ዘይት ያለበት ጓንትም ያው ነው፤ ዘይት ራሱ ሃይድሮጅን አለው።
3. የሚበየደውን ብረት ከቀለም፣ ከግራሶ፣ ከዝገትና ከጤዛ አጽዱ። ጠዋት ላይ ወፍራም ላሜራ ላብ ይይዛል፤ ሞቅ አድርጉት። ኤሌክትሮዱን አድርቆ ርጥብ ብረት ላይ መበየድ ልፋትን ውሃ በላው ማለት ነው።
4. በዲሲ ሆልደሩን (የኤሌክትሮዱን መያዣ) ፖዘቲቭ ላይ ስኩ።
5. አርኩን አሳጥሩ። የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ። ሲረዝም አየር ይገባል።
6. አቁማችሁ ስትጀምሩ ጫፉ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ይደፍነዋል። በፋይል ቀስ ብላችሁ አንሱት። ወለል ላይ ካንኳኳችሁት ልባሱ ይረግፋል፤ የረገፈበት ቦታ ሲነሳ ቀዳዳ ይወልዳል።
7. ዝናብ ካካፋ መጀመሪያ የሚሸፈነው የማሞቂያው ክዳን ነው፤ ከዚያ ማሽኑ፤ ከዚያ ራሳችሁ። ቀልዴን ነው፤ ማሽኑን መጀመሪያ አጥፉት።

ቀዳዳ ሁሉ እርጥበት አይደለም

ኤሌክትሮዱን ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ቀዳዳው መስመሩ የተነሳበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአነሳስ ችግር ነው። ከሚጀመርበት ትንሽ ወደፊት ለኩሱና ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እላዩ ላይ እለፉበት። ቀዳዳው ነፋስ ሲመጣ ብቻ ከሆነ መከለያ አቁሙ። ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አሰካክ) ከተገለበጠ አርኩ ይንጫጫል፣ ይረጫል።

መስመሩን ሙሉ ከተከተለ፣ ስላጉ (መስመሩ ላይ የሚቀረው ቅርፊት) ከወትሮው ይልቅ ካስቸገረ፣ ልባሱ ሲነድ እንፋሎት የመሰለ ከወጣ እርጥበት ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በቲ ቅርጽ አቁሙ፣ በአንድ ጎን ብቻ በይዱ፣ ሲበርድ በመዶሻ ወደ ብየዳው አጥፋችሁ ስበሩት። የተሰበረው ፊት ላይ ትል የቦረቦረው የሚመስል ረጅም ቀዳዳ ካያችሁ ያ እሽግ ከሥራ ይውጣ።

ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው በጣም የረጠበውን ነው። ቀዳዳ ጨርሶ ሳይኖር ሃይድሮጅኑ ግን ለመሰንጠቅ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። የሻንሲው መስመር አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ሁለት ኤሌክትሮድ እርስ በርስ አጋጭቶ «ይጮሃል፣ ደረቅ ነው» ማለትም እንደዚያው ነው። ውሃ የጠጣውን ይለያል እንጂ አሥራ ሁለቷን ጠብታ አይሰማም።

ደረጃ 9፦ የተረፈውን መልሱ

ማታ ሥራ ሲዘጋ ረዳቱ በሦስት ይከፍለዋል።

1. *ሰዓቱ ያላለፈ፣ ያልተነካ።* ወደ ማቆያ ኦቨን ይመለሳል። ቢያንስ 4 ሰዓት በ120 ዲግሪ ከቆየ በኋላ እንደገና ሊወጣ ይችላል። ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል የራሱ መደርደሪያ ይሰጠው።
2. *ሰዓቱ ያለፈ፣ ገና ያልተጋገረ።* ለብቻው ታስሮ «ይጋገር» ተብሎ ይቀመጣል። ማቆያ ውስጥ አይገባም። 120 ዲግሪ የደረቀውን ደረቅ አድርጎ ያቆያል እንጂ የረጠበውን አያደርቅም።
3. *ተጋግሮ እንደገና ሰዓቱ ያለፈ፣ የረጠበ፣ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ የነደደ።* ከሥራ ይወጣል።

ሦስተኛውን ክፍል ዝም ብላችሁ ጥግ ላይ አትተዉት። በሳምንቱ አንዱ «ይኼ እኮ አዲስ ነው» ብሎ ያነሳዋል። እኛ ጋ ሁሉም ይጎብጣል። ከዚያ ረዳቱ አፉን ሸፍኖ ውጭ ላይ ልባሱን በመዶሻ ያራግፈዋል፣ ሽቦውም ለመንጠቆ ይሆናል። የወርክሾፓችን የቱታ መስቀያ ሙሉ በሙሉ ከዚያ የተሠራ ነው፤ አሥራ አራት መንጠቆ አለው፤ ዘጠኙ በሻንሲው ክረምት የተሠሩ ናቸው።